ዝምታውን ቆርጠው ለጣሉልን ምስጋና ይድረሳቸው

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዘለው የአንኮራፊው ሰውዬ ቪዲዮ እናንተም ዘንድ ደርሷል። አልደረሰንም አትበሉ፤ ቢያንስ ሦስት ዘመድ ልኮላችኋል፣ አንዱ ሁለቴ። ሶፋ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ አፉን ከፍቶ ሳሎኑን የሚያንቀጠቅጠው ጎልማሳ። ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ማንኮራፋቱን ግን አገር በቃሉ ይዞታል።

ሁሉም የሚያወራው ስለ ሰውዬው ነው። ቪዲዮ ቀራጩን ያመሰገነ አንድም ሰው የለም፤ ይህ ግፍ ነው። ሌላው ዓለም አንድን ሰው እንቅልፉን ለመመርመር ሆስፒታል ያሳድረዋል። ራሱ ላይ የአንጎል ሞገድ የሚያነብ ሽቦ ይለጠፍበታል፣ አፍንጫው ሥር የአየር መለኪያ ቱቦ፣ ደረቱና ሆዱ ላይ ቀበቶ፣ ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያ፣ እግሩ ላይ ደግሞ ሌላ ሽቦ ይደረግበታል። እኛ ዘንድ ይህ ሁሉ ወጪ የለም። የወንድም ልጅ አለን፤ ስልክ አለው።

ሥራውን ተመልከቱ። የሚቀርጸው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ራት ተበልቶ፣ እንግዳ ሳይበተን። መብራቱን አብርቶ ስልኩን ከሰውዬው አፍንጫ አንድ ስንዝር ላይ ይደቅናል። ደረት አይታይም፣ ሆድ አይታይም፤ እንጥል ግን ቁልጭ ብላ ትታያለች። አራት ደቂቃ ቀርጾ ወደ ቅንብር ይገባል፤ ጥበቡም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቅንብር ላይ አንድ እንከን ያጋጥመዋል፤ ሰውዬው አንዳንዴ ዝም ይላል። አራት ጊዜ ያንኮራፋና ጸጥ። 14 ሴኮንድ ምንም የለም። ተመልካች ይህን ያህል ዝምታ አይታገሥም፤ ይቆረጥ! ቀጥሎ 22 ሴኮንድ። ይቆረጥ! ሦስተኛው 31 ሴኮንድ ነው፤ እዚህ ላይ ስልኩ የተበላሸ መስሎት ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ስልኩ ደህና ነው። ይቆረጥ! ከዝምታው ማግስት ሰውዬው ከውሃ ውስጥ ብቅ እንዳለ ሰው ተናንቆ አየር ሲስብ ግን ቀራጩ ከመቀመጫው ይነሣል። ይህቺ መናነቅ ትቀመጣለች! እሷ ሦስት ጊዜ ትደገማለች፤ አንዴ በዝግታ፣ አንዴ በጥቁርና ነጭ፣ አንዴ የገልባጭ መኪና ጥሩምባ ተጨምሮላት። ከሥሯ ማሲንቆ ይገባል። "ጄኔሬተሩ ተነሣ" የሚል ጽሑፍ ይለጠፍባታል። ከዚያ ወደ ቤተሰብ ግሩፕ። ቨርጂኒያ ያለችው አክስት አሥራ አንድ የሚስቅ ፊት ትልካለች። ሪያድ ያለው አጎት "የጥጋብ እንቅልፍ ነው፣ እሰይ!" ይላል። ቴል አቪቭ ያለው የአክስት ልጅ ስቲከር ያደርገዋል። በማግስቱ "ክፍል ሁለት የታለ?" ይመጣል። ለክፍል ሁለት ክብ መብራት ይገዛል፤ ማይክ ከሰውዬው ፒጃማ ኮሌታ ላይ ይሰካል፤ የጎረቤት ልጅ ረዳት ሆኖ ይቀጠራል፤ አንዱ ከኋላ "ጸጥታ!" ይላል። ሰውዬው ከመብራቱ ሙቀት የተነሣ ባንኖ "ማነው?" ሲል ቀረጻ አበላሸህ ተብሎ ይወቀሳል። "ተኛ እንጂ፣ ሥራ ላይ ነን!" ለክፍል ሦስት በግ ታስቧል፤ ከሰውዬው ጎን ታስሮ በድምፅ እንዲወዳደር። በጉ እንደሚሸነፍ ከወዲሁ ተነግሯል።

እስቲ አሁን ተቆርጦ የተጣለውን እናንሣው።

የማንኮራፋት ድምፅ የሚመጣው በእንቅልፍ የላላው ላንቃና እንጥል በጠበበ መንገድ በሚያልፍ አየር ሲርገበገቡ ነው። ስለዚህ ድምፅ እስካለ ድረስ አየር አለ። ድምፁ ሲጠፋ ወይ መንገዱ ሰፍቶ ሰውዬው በሰላም እየተነፈሰ ነው፣ ወይ ጉሮሮው ተጣብቆ አየሩ ቆሟል። ሁለቱን የሚለየው ደረትና ሆድ ነው፤ ማለትም ቀራጩ እንዳይታይ ያደረገው ቦታ። በአፕኒያ፣ ማለትም ትንፋሽ በእንቅልፍ ላይ በሚቆምበት ጊዜ፣ ደረትና ሆድ አየር ለመሳብ ይታገላሉ፣ አንዳንዴም አንዱ ሲነሣ ሌላው ይሰረጉዳል፤ አፍንጫና አፍ ላይ ግን ትንፋሽ የለም። ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ደንግጦ ለጥቂት ሴኮንድ ይነቃል፣ ጡንቻው ይጠብቃል፣ ያቺ ሦስት ጊዜ የተደገመችው መናነቅ ትመጣለች። ሰውዬው ጠዋት አንዱንም አያስታውስም። (ደረቱም ጭምር ፀጥ ካለ ዓይነቱ ሌላ ነው፤ መንገዱ ሳይዘጋ አንጎል የትንፋሽ ትእዛዙን አቁሟል። ልባቸው የደከመ ሰዎች ላይ ይታያል።)

የሚቆጠረው 10 ሴኮንድና ከዚያ በላይ የቆመ ትንፋሽ ነው። ሙሉ በሙሉ ሳይቆም አንሶ ኦክስጅን የሚያወርድም አብሮ ይቆጠራል፤ ይህኛውን ስልክ አይሰማውም። በአዋቂ ላይ በሰዓት ከ5 በታች ከሆነ አፕኒያ አይባልም፤ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30 ሲደርስ ከባድ። 30 ማለት በየሁለት ደቂቃው አንዴ ነው፤ በ7 ሰዓት እንቅልፍ 210 ጊዜ። ለዚህ ነው "ስምንት ሰዓት ተኝቶ አሁንም ያንቀላፋል፣ ሰነፍ!" የሚባለው ሰው ስንፍናው የማይለቀው።

ቀራጫችን ሙያውን ማሻሻል ከፈለገ ጥቂት እናክልለት። ከምሽቱ 4 ሰዓት ይልቅ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ይነሣ፤ ሕልም የሚበዛበትና ጡንቻ ክፉኛ የሚላላበት እንቅልፍ ወደ ንጋት ያመዝናልና ትንፋሹም ረዘም ብሎ የሚቆመው ያኔ ነው። ስልኩን አንድ ሜትር ያህል አርቆ፣ ፊቱን ትቶ ደረቱን ያሳይ፤ ብርሃኑ ደብዘዝ ይበል። ግማሽ ሰዓት ሳይቆርጥ ይቅረጽ። በጀርባው ተኝቶ ይሁን በጎኑ፣ የዚያን ምሽት ጠጥቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ይጻፍ፤ መጠጥም በጀርባ መተኛትም ነገሩን ያብሳሉ፣ የሠርግ ማታ ቪዲዮ የዘወትሩን አይነግርም። ከዚያ ለአንገት በላይ ወይም ለሳንባ ሐኪም ያሳይ። በእርግጥ አንድም የሚስቅ ፊት አያገኝበትም።

ቀጣዩ ተመስጋኝ የድምፅ ዳኛው ነው። "ጎረቤት ካልሰማ በሽታ አይደለም" ባይ። በእሱ ፍርድ ግድግዳ የሚያናውጥ ሁሉ ሕመምተኛ፣ ቀስ ብሎ የሚያንኮራፋ ሁሉ ጤነኛ ነው። ጉንፋን ይዞት ወይም በጀርባው ስለተኛ ብቻ አንድ ወጥ በሆነ ምት የሚያንኮራፋ፣ ጠዋት ንቁ ሆኖ የሚነሣ፣ ቀን የማያንቀላፋ ሰው ግን ምንም ያህል ቢጮህ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው አጠገቡ የተኛውን ነው። በአንጻሩ ሴቶች ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት አቤቱታ ድካም፣ የጠዋት ራስ ምታትና የተቆራረጠ እንቅልፍ ስለሆነ ከዳኛው ችሎት በነጻ ይሰናበታሉ፤ ካረጡ በኋላ አፕኒያው እንደሚበዛባቸው ዳኛው አልሰማም። ሌሊት እየተነሡ ሽንት መሽናት፣ አፍ ደርቆ መንቃት፣ በሦስት ዓይነት መድኃኒት አልወርድ ያለ ደም ግፊት፤ እነዚህ ሁሉ ድምፅ የላቸውም።

አፕኒያን ለመጠርጠር ስምንት ጥያቄ አለ፤ በልብስ ሰፊ ሜትር ይጨረሳል። በኃይል ማንኮራፋት፣ ቀን መድከም፣ ትንፋሹ ሲቆም ሰው ማየቱ፣ ደም ግፊት፣ ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ስኩዌር ሲካፈል ከ35 መብለጡ፣ ዕድሜ ከ50 ማለፉ፣ አንገት ዙሪያው ከ40 ሴንቲ ሜትር መብለጡ፣ ወንድ መሆን። ሦስት "አዎ" ካለ ሐኪም ይጠየቅ፤ አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀጠሮው አይራዘም። አልፎ አልፎ አንገተ ቀጭኑም፣ አገጩ ወደ ኋላ የገባው፣ ከዚህ ወንፊት ያመልጣል።

በኮቪድ ዘመን የጣት ኦክስጅን መለኪያ ገዝቶ ያስቀመጠውንም አንርሳ። ጠዋት ቡናው ላይ ሰውዬውን ጣቱን አስገብቶ "94! ምንም የለበትም" ይላል። ነቅቶ፣ ተቀምጦ፣ እየሳቀ ያለ ሰው ጣት የሌሊቱን እንዴት ይናገር? መለኪያው የሚጠቅመው ሌሊቱን ሙሉ ሲመዘግብ ነው። "አንድ መለኪያ አረቄ ጠጥቶ ይተኛ፣ ጸጥ ይላል" የሚለው መካሪም አለ። እውነቱን ነው፤ አረቄ የጉሮሮን ጡንቻ ያላላል፣ ጸጥታውም ይረዝማል።

እስከዚህ ቀልድ ነበር። ልጅ ላይ ሲደርስ ግን አይቀለድም። አፉን ከፍቶ የሚያንኮራፋ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ በላብ ተጠምቆ የሚያድር፣ አልጋ የሚያረጥብ፣ ክፍል ውስጥ የሚቅበጠበጥ የአምስት ዓመት ልጅ ባለጌ አይደለም፤ በቶንሲልና በአዴኖይድ (ከአፍንጫ ጀርባ ባለ ዕጢ) ታፍኖ ሊሆን ይችላል። እኛ ምን እናደርገዋለን? ለሽንቱ እንገርፈዋለን፤ ለመቅበጥበጡ መምህሩ ይገርፈዋል፤ ለማንኮራፋቱ አንዷ ጎረቤት "እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ" ትላለች፤ ምላጭ የያዘ ሰውም አይጠፋም። እንጥል መቁረጥ መንገዱን የዘጋውን ቶንሲል አይነካውም፤ ደም መፍሰስን፣ ቁስል ማመርቀዝን፣ ቴታነስን ግን ያመጣል። ይህ ልማድ አይደለም፣ ማሰቃየት ነው። ይህን መካሪ እንኳን ልናመሰግን ልንሰማውም አይገባም። በልጅ ላይ በሰዓት አንድ ጊዜ ትንፋሽ መቆሙ ራሱ እንደ አዋቂው አይታለፍም፤ ብዙውን ጊዜም መጀመሪያ የሚታሰበው ሕክምና ቶንሲልና አዴኖይዱን በሰመመን ማውጣት ነው።

የመጨረሻው ምስጋና ለሲፓፕ ተቃዋሚዎች ይሁን። ሲፓፕ አየር እየነፋ ጉሮሮ እንዳይጣበቅ የሚያደርግ መሣሪያ ነው፤ ኮሊን ሳሊቫን የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም በ1981 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያስተዋወቀው። ከባድ አፕኒያ ያለበት ሰው በስንት ጣር ገዝቶት ቤት ሲገባ ዘመድ ይሰበሰባል። ጭምብሉ በጎን አየር ያፈስሳል፤ ማሰሪያውን ማጥበቅ ሳይሆን ልኩን መቀየር እንደሚያስፈልግ የሚነግረው የለም። አፉ ይደርቃል፤ ማርጠቢያው ውስጥ የተጣራ ውሃ መጨመር እንዳለበት የሚነግረው የለም። መብራት ሲጠፋ መሣሪያው ይቆማል፤ ባትሪ ይያዝ የሚለው የለም። ሁሉም በአንድ ድምፅ የሚነግሩት አንድ ነገር ነው፦ "ተው፣ ይህን ነገር ከለመድከው በኋላ ያለ እሱ መተንፈስ ያቅትሃል።"