ዓድዋ ላይ ዘንባባ ተከሉበት

ገና ባቡር ላይ ነኝ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ። ልጁ ትከሻዬ ላይ ተኝቷል፣ ሳጥኑ ጭኔ ላይ ነው፣ እኔ ደግሞ ይህን አሁን ካልተነፈስኩት ሌሊቱን ከጣሪያ ጋር ስከራከር ነው የማድረው።

ዘንባባ! ዓድዋ ላይ ዘንባባ ተክለዋል፣ ወገን!

ስለዚች ቅዳሜ፣ የድሮ ጦርነት ጠረጴዛ ላይ በትንንሽ ወታደሮች ስለሚጫወቱበት ትርዒት፣ ሦስት ወር ሳደርቃችሁ ከርሜያለሁ፣ ታውቃላችሁ። ማታ ማታ ከሥራ መልስ ማድቤት ጠረጴዛ ላይ መብራት አቅርቤ፣ ከአውራ ጣት አንጓ ብዙም የማይበልጥ ባለ 28 ሚሊ ሜትር ወታደር በጥፍሬ ይዤ፣ ፀጉሩ ሦስት ብቻ በቀረ ብሩሽ የሸማ ጥለት ስስል የከረምኩት ለዛሬ ነበር። 48 ሰው። የጋሻው ነሐስ ብቻ አንድ ሳምንት ፈጀ። ፊታውራሪ ገበየሁ አሉ። ባልቻ ከነመድፋቸው አሉ። እቴጌ ከነጥቁር ጥላቸው አሉ። ፕሮግራሙ ላይ «ዓድዋ 1896» የሚል ጨዋታ ሳይ ልቤ ነው የዘለለው። ወዲያው ኢሜይል ጻፍኩ፣ የሠራሁትን ላምጣላችሁ ወይ ብዬ። «ወታደር አለን፣ ይበቃናል» አሉ። ይሁን፣ አልኩ።

ጠዋት ባቡሩ ተሰርዞ በምትኩ አውቶቡስ ጫኑን፣ አንድ ሰዓት ተኩል። መግቢያ ለሁለት ከፈልኩ። ሻይ በወረቀት ኩባያና ጠርዙ የደረቀ ሳንድዊች በዶሮ ዋጋ ገዛሁ። ይህን ሁሉ ቻልኩ። አዳራሹ ውስጥ ስንገባ እንኳ ደስታዬ አልቀነሰም፤ ያ የቀለም ሽታ፣ የዳይሱ ድምፅ፣ ያገለገለ የሚሸጥበት ጋ ያለው ግፊያ ደስ ይለኛል። እወደዋለሁ ይህን ነገር፣ ለዚህ ነው የሚያቃጥለኝ።

የዓድዋው ጠረጴዛ ጥግ ላይ ነበር። ቢጫ አሸዋ። ቢጫ አሸዋ ከዳር እስከ ዳር፣ በላዩ አምስት ዘንባባ፣ አንዲት ግመል። ሰማያታ የለ፣ ራዮ የለ፣ አባ ገሪማ የለ። ያ ሁሉ ሾጣጣ ተራራ፣ የጣሊያንን ጦር እርስ በርሱ ያለያየው ገደልና ሸለቆ የት ሄደ? ወታደሮቹን ጎንበስ ብዬ አየኋቸው። ራቁታቸውን ናቸው። ከወገብ በላይ ባዶ፣ ወገባቸው ላይ ቁራጭ ቆዳ፣ እጃቸው ላይ ረዥም ሞላላ ጋሻ። የዙሉ ጋሻ! ዙሉ በ1879 ኢሳንድልዋና ላይ የሠራው የራሱ ታሪክ አለው፣ ጋሻውን ለሱ ተዉለት እንጂ! የኛው ክብ ነው፣ መሐሉ ያበጠ፣ ብርና ነሐስ የተለበጠበት። ከአሥሩ ሁለቱ ጠመንጃ ይዘዋል፣ ስምንቱ ጦር። እዚያው ጠረጴዛ ላይ የጣሊያኑን ወገን ስታዩት ለጣሊያን የተሰለፈው ያገሬው ወታደር፣ የአስካሪው ቀይ ቆብ ከነዘርፉ፣ የጣሊያኑ እግረኛ፣ የቤርሳሊየሪው ላባ ነጠላ በነጠላ ተቀብቷል። ለእነሱ ጊዜ ነበራቸው።

ጨዋታውን የሚመራው ሰውየ በስድሳዎቹ መጨረሻ ላይ ነው፣ ደረቱ ላይ የክለቡ ስም ተጠልፏል። ሽማግሌ ስለሆነ «ሰር» እያልኩ ነው የማናግረው፣ ያሳደገኝ ቤት አለ።

«መጫወት ይቻላል?»

«ይቻላል፣ ና። የጣሊያኑ ጄኔራል የአልበርቶኔ ብርጌድ አዛዥ የለውም፣ እሱን ያዝ።»

«የኢትዮጵያን ወገን ብይዝ ደስ ይለኛል።»

ሳቀ። በክፋት አይደለም፣ እሱ ነው የሚያናድደው። «የነሱን ወገን ተጫዋች አይይዘውም። ዳይስ እንጥላለን፣ በወጣው ቁጥር ልክ ወደፊት ይሮጣሉ። የሞቱትን ከጠረጴዛው ጫፍ እንደገና እናስገባለን። ለሰው አሰልቺ ነው።»

«የሚያዛቸው የለም?»

«ብዛት ነው እኮ ያሸነፈው። ስለዚህ ጦርነት ታውቃለህ?»

ስለዚህ ጦርነት ታውቃለህ። እኔን! የካቲት 23ን ሳያከብር ያደገ ይመስል! ሳጥኑን ከፈትኩ። ለምን እንደከፈትኩ እንጃ፣ ያዩታል ብዬ ነው። እቴጌን አወጣሁ።

«ይቺ ደግሞ ማናት?»

«እቴጌ ጣይቱ። የራሳቸውን ጦር ይዘው የዘመቱ፣ መቀሌ ላይ የጣሊያንን ምሽግ ከውኃው የቆረጡት።»

«አሃ፣ ሚስቱ» አለ። በሁለት ጣቱ ተቀበለኝ፣ ወደ መብራቱ አስጠጋት፣ «አቀባቡ ግሩም ነው፣ ግን ሕጉ ውስጥ ቦታ የላትም» ብሎ ጠርዙ ላይ፣ ከሻይ ኩባያው አጠገብ አቆማት። ከሻይ ኩባያው አጠገብ! የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ላይ አልበገርም ያሉትን ሴትዮ!

ብዛት ነው አለ። እሺ፣ ብዛት። ወደ መቶ ሺህ ሰው ከየአቅጣጫው፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሐረር፣ ከትግራይ አንድ ቦታ አድርሶ ወራት ስንቅ ማብላት በዳይስ የሚሆን ነው? ያ ሁሉ ውጅግራ፣ ያ ሁሉ ስናድርና ረሚንግተን ከሰማይ ወረደ? አብዛኛው ጠመንጃ ነበረው እኮ! ሆችኪስ መድፍ ነበረ እኮ! የጣሊያን ጦር አዛዥ ባራቲየሪ 17,700 ያህል ሰውና 56 መድፍ ይዞ በሌሊት ሲነሳ ንድፉ ላይ ኪዳነ ምሕረት የተባለው ኮረብታ የተሳሳተ ነበር። አልበርቶኔ እውነተኛውን ኪዳነ ምሕረት ፍለጋ ብቻውን ሄዶ ሄዶ አፋችን ውስጥ ገባ። ሌላው ጄኔራል ዳቦርሚዳ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ጠፋ። አንዱ ለሌላው ሳይደርስለት ተራ በተራ ተመቱ። ጄኔራሎቹ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፣ አልበርቶኔ ተማረከ። አውዓሎም የጣሊያን ሰላይ መስሎ የሠራው ሥራ አለ። የሁለቱም ወገን ስንቅ እያለቀ ነበር፣ ማን ቀድሞ ይንቀሳቀሳል የሚለው ራሱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ይህ ነው አሰልቺ? ከዚህ የበለጠ ለጨዋታ የሚሆን ነገር የት አለ? ለተጫዋቹ የተሳሳተ ካርታ ስጡት፣ አራቱን ብርጌድ በጨለማ አስነሱት፣ ከዚያ እዩት!

በጣም ያቃጠለኝን ልንገራችሁ። ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛ የናፖሊዮን ነው፣ 1815። እዚያ ሁለት ጎልማሶች አንድ የፈረንሳይ ሬጅመንት የእጅጌው ጫፍ ቀይ ነው ወይስ ደማቅ ቀይ ብለው ሃያ ደቂቃ ተጨቃጨቁ። ሰዓቴን አይቻለሁ። አንደኛው ከስልኩ ሥዕል አወጣ፣ ሌላኛው ተቆጣ። የእጅጌ ጫፍ! እና እኔ ሱሪና ጥብቆ ስጡን ስል «ጨዋታ ነው እኮ፣ ዘና በል» ተባልኩ።

የኛዎቹም አትሻሉም፣ ተቀየሙኝ ከፈለጋችሁ። ባለፈው የካቲት ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ እነዚሁኑ ወታደሮች ደርድሬ ልጆቹ ከበቡኝ። አንድ ጋሼ መጥተው «በዚህ ዕድሜህ በአሻንጉሊት?» ብለው አስነሱኝ፣ ኬክ የሚቆረስበት ጠረጴዛ ነው ተብሎ። ኬኩ ላይ ባንዲራ ነበር። ልጆቹ ግን ራስ አሉላ የትኛው ነው፣ ራስ መኮንን የትኛው ነው እያሉ ነበር። እስከዛሬ ያ ነገር አልወጣልኝም። እዚያ አሻንጉሊት ነው ይሉኛል፣ እዚህ ሚስቱ ናት ይሉኛል፣ እኔ የት ልሂድ?

ልጁ ደግሞ። ሁለት የፈረንጅ ልጆች ጣሊያኖቹን በእጃቸው እየገፉ ይጫወታሉ፣ ማንም ምንም አላላቸውም። የኔው ጣቱን ወደ አንዱ ራቁት ወታደር ሲዘረጋ «አትንካ፣ ይሰበራል» አሉት። እጁን ኪሱ ከተተ። ትንሽ ቆይቶ ሸሚዜን ጎተት አደረገና «ባቢ፣ እኛ ለምንድነው ልብስ ያልለበስነው?» አለኝ።

እኛ ነው ያለው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ አገሩን ያየው አንዴ ነው፣ እኛ አለ። ምን ልመልስለት? «ተሳስተው ነው» አልኩት። «ታዲያ ለምን አትነግራቸውም?» አለ። ነገርኳቸው እኮ፣ ልጄ። እየነገርኳቸው ነው የቆየሁት።

እቴጌን ከሻይ ኩባያው አጠገብ አነሳሁ፣ ሳጥኑን ዘጋሁ፣ ወጣን። ሰውየው «የሚቀጥለው ዓመት የራስህን ጠረጴዛ አምጣ» አለኝ ከኋላዬ። በቅን ነው ያለው፣ አምናለሁ። ግን ጠረጴዛ የሚሰጡት ለክለብ ነው፣ ለብቻው ለመጣ ሰው አይደለም። አራት ሰው ብናገኝ ይበቃን ነበር። ከዓምና ጀምሮ እዚሁ ገጽ ላይ ስንት ጊዜ ጠየቅኳችሁ? የልብ ምልክት ታደርጉና ትሄዳላችሁ። «ጀግና» ትላላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ያለው ሰው ግን ከዚህ ሁሉ አበሻ አንድ ጠፋ። አሁን ደግሞ ሥሩ ላይ እጅ የምታጨበጭቡ አላችሁ፣ ይታየኛል።

ደከመኝ። መውረጃችን ሁለት ጣቢያ ቀርቶታል፣ ይህን የሚያህል ልጅ ተሸክሜ ደረጃ ልወጣ ነው።

አሁን ሳጥኑን ከፍቼ አየሁ። የእቴጌ ጥላ ከእጀታው ተቀንጥሷል። ስፖንጁ ሥር ፈለግኩ፣ የለም። ሰውየው ሲያነሳት ነው ወይ ስወጣ ስጣደፍ፣ እንጃ። ጥላው እዚያው ቢጫው አሸዋ ላይ ቀርቶ ይሆናል።