ይድረስ ለክቡር «ይገጥማል»

ከደሴ የተጻፈ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን (ወሎ ስለሆነ ሁለቱንም እንላለን)፣ ከመሪያችን በቀር ደህና ነን።

አንባቢ እንዳይደናገር ማንነትዎን እናስተዋውቅ። እርስዎ በመለዋወጫ ሱቅ ባንኮኒ ላይ የሚኖሩ አንዲት ቃል ነዎት። ሰው የተሰነጠቀ የቮልስ መሪ ላስቲክ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይመጣል፤ ባለሱቁ ጥቅሉ ሳይፈታ «አብሽር፣ ይገጥማል!» ይላል። ዕቃው ገና ከመደርደሪያ አልወረደም፤ እርስዎ ግን ቀድመው ወርደዋል።

አማርኛ ለእርስዎ እጁ ሰፊ ነው። መግጠም ዕቃ ከዕቃ ልክ መሆን ነው፤ ስንኝ መቋጠርም ነው፤ ክፉ ነገር ሰውን ማግኘትም ነው። አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም በሆኑበት አገር ገጣሚ ነኝ ማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ እርስዎ ግን የሁለተኛውን ሙያ ይዘው በአንደኛው ስም ይነግዳሉ። ቤት አለመምታትዎ የሚታወቀው ብሎኑ ቀዳዳውን ሲስት ነው። ሦስተኛው ትርጉምዎ ሐረጎ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ፣ አንዱ ጥምዝ ሳያልቅ ሌላው ሲጀምር።

ከላስቲኩ እንጀምር። በቮልስ የመሪ ዘንግና በመሪ ሳጥኑ (የመሪውን ዙር ወደ ጎማ በሚያሻግረው) መካከል አንዲት ክብ መጋጠሚያ አለች፤ አራት ቀዳዳ ያላት ወፍራም ላስቲክ። በሁለቱ ቀዳዳ ከላይ ካለው ዘንግ፣ በሁለቱ ከታች ካለው ሳጥን ጋር በብሎን ትታሰራለች። ሥራዋ የመንገዱ ርግጫ እጅ እንዳይደርስ ማብረድና የዘንጉን ትንሽ መጣመም መቻል ነው። ስታረጅ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ትሰነጠቃለች፤ ያኔ መሪው ይዞራል፣ ጎማው ቆይቶ ይሰማል። እርስዎ በእሷ ምትክ የሚያቀርቡልን ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ የተቆረጠ ክብ ነው። ቀዳዳው አራት ነው፤ አንክድም። ስፋቱም ልክ ነው። ነገር ግን የጎማ ቁራጭ ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ አይደለም፤ ዳዶው (ብሎኑን ከጫፉ የሚይዘው) ሲጠብቅ አንዱ ጎን ይታመቃል፣ ሌላው ይላላል፣ ቀዳዳውም ቶሎ ይሰፋል። ዳዶውስ? በራሱ ቆልፎ የሚይዝ መሆን ሲገባው እርስዎ ተራውን ሰጥተው በሽቦ ያስሩታል። ለበር ማጠፊያ የሚበቃ ብልሃት ለመሪ ይተርፋል ብለው ነው?

ክላክሱም በእርስዎ ሥራ አፉን ዘግቷል። ከክላክሱ ቁልፍ የሚወርደው ቀጭን ሽቦ በዘንጉ ውስጥ አልፎ፣ ላስቲኳን ተሻግሮ፣ በሳጥኑ በኩል ካለው ብረት ጋር ታስሮ ማሳ (የኤሌክትሪኩን መመለሻ) ያገኛል። ላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና ይህች መሻገሪያ ሽቦ ከተረሳች ክላክሱ ዝም ይላል። በሽቦዋ ፈንታ ብሎን ዘንጉንና ሳጥኑን ካነካካ ደግሞ ማንም ሳይጫነው ይጮሃል። ክቡርነትዎ በሁለቱም ጊዜ አዲስ ክላክስ ያሸጣሉ፤ እሱንም «ይገጥማል» ብለው።

አሁን ወደ ትልቁ ሙያዎ እንምጣ፤ ዓመተ ምሕረት ማምታታት። «ስንት ሞዴል ነው?» ይላል ባለሱቁ። «ስልሳ» ይላል ገዥው፣ ሊብሬውን አይቶ። የማን ስልሳ? የኢትዮጵያ 1960 የሚጀምረው በፈረንጅ ሴፕቴምበር 1967 ነው። ቮልስዋገን ደግሞ የአዲስ ዓመት ሞዴሉን የሚያወጣው በኦገስት ስለነበር፣ በዚያ ጊዜ የወጣች መኪና የ1968 ሞዴል ናት። ከዚህ ሞዴል ጋር በግጭት ጊዜ ተሰብስቦ የሚያጥር የመሪ ዘንግ መጣ። በፈረንጅ 60 የሆነችው ቮልስ ግን ዘንጓ አንድ ወጥ፣ ባትሪዋ 6 ቮልት፣ የመሪ ሳጥኗም ከ1962 ሞዴል ጀምሮ ከገባው ባለ ሮለር ሳጥን የተለየ ነው። ሁለቱ «ስልሳዎች» በስም እንጂ በዕቃ ዘመድ አይደሉም። እርስዎ ግን ለሁለቱም አንድ ግጥም ነው ያለዎት።

ስለዚህ ሊብሬውን ትተን ሻንሲ ቁጥሩን እንዲጠይቁ እንለምናለን። ከኋላ ወንበር ሥር፣ በወለሉ መሐል ባለው ጉብታ ላይ ተመትቶ ይገኛል። ከ1965 ሞዴል ወዲህ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉ ዓመት መጨረሻ ነው፤ 118 ብሎ የሚጀምር ቁጥር የ1968 ሞዴል ነው። «ሱፐር» የሚባሉት 1302 እና 1303 ደግሞ ሌላ ጣጣ ናቸው። ጎንበስ ብሎ ከፊት ሥር ማየት ይበቃል፤ ከጎማ ወደ ጎማ የሚሄዱ ሁለት አግድም ቱቦዎች ካሉ መደበኛው ቮልስ ነው፣ ከሌሉ ሱፐር ነው። 1303 ከሩቁም በጎበጠው የፊት መስታወቱ ይለያል። የአንዱን የመሪ ዕቃ ለሌላው መሸጥ የእርስዎ የዘወትር ጸሎት ይመስላል።

ዘንጉ ራሱ አልገጥም ሲል እርስዎ ወደ ብየዳ ቤት ይልኩናል፤ «አምስት ሳንቲ ቆርጦ መቀጠል ነው»። የመሪ ዘንግ አይበየድም። ብየዳው ዳር ያለው ብረት በእሳቱ ጠባዩ ይለወጣል፤ ሲሰበር ደግሞ ከመታጠፊያ ውጭ የሚሰበርበት ምክንያት የለውም፣ ጭነቱ የሚበዛው እዚያ ነውና። ተሰብሳቢውን ዘንግ ለማውለቅ ጫፉን በመዶሻ መደብደብም ያው ነው፤ ለግጭት የተቀመጠለትን መሸማቀቅ ጋራዥ ውስጥ ይጨርሰዋል። መሪውን መንቀል ሲያስፈልግ ዳዶውን አላልቶ፣ ሳያወልቁ በጥቂት ጥርስ ተይዞ ሳለ በሁለት እጅ መወዝወዝ ነው። ዳዶውን ቀድሞ ያወለቀ ሰው መሪውን በአፍንጫው ይቀበላል።

ስለ ፍሬቻ ማብሪያው አናበዛም። ሽቦዎቹን ይቁጠሩ፤ ከ1972 ሞዴል ወዲህ የዝናብ መጥረጊያውም መቆጣጠሪያ ወደ መሪው ዘንግ ስለመጣ የቀድሞው ምትክ አይሆንም። መሪው ሲመለስ ማብሪያው መሐል ላይ ይቁም፣ አለዚያ ፍሬቻውን የምትመልሰው ጥርስ ትሰበራለች። በመሪውና በማብሪያው መካከል ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃል። እርስዎ አንድ ጣት ያህል ይተዋሉ፤ ለአየር ይሆን?

ሁሉ ነገር ተገጥሞ መሪው አሁንም ጨዋታ ሲያበዛ (ጨዋታ ለወሎዬ ነውር ባይሆንም) ይህን ያዛሉ፦ «ሳጥኑን ጠበቅ አድርገው!» ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሳለ መሪው በዙሪያው ከ25 ሚሊ ሜትር በላይ በከንቱ ከተንቀሳቀሰ በእርግጥ ጥፋት አለ። ግን ጥፋቱ ከላስቲኳ ይሁን፣ ከቴስቲኒው (ከመሪ ዘንጎቹ ጫፍ መጋጠሚያ)፣ ከጎማው ኩሽኔታ ወይስ ከሳጥኑ፣ አንድ ሰው መሪውን እየወዘወዘ ሌላው ከሥር ሳያይ አይታወቅም። ሳጥኑ የሚበላው መሐሉ ላይ ነው፤ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ይነዳልና። የመሐሉን ጨዋታ ለመደበቅ ካቻቢቴ ይዞ ማስተካከያውን ያጠበቀ፣ ባልተበላው ዳር ላይ መሪው ይነክስበታል፤ ታጥፎ ሲጨርስ ራሱ መመለስ ይቅርና በእጅም ይከብዳል። የሐረጎን መንገድ እንደገና አናስታውስዎትም።

«የጀርመን ኦርጅናል ነው» የምትለዋን እህትዎንም ሰላም ይበሉልን። ጀርመን ባለ ቆርቆሮ ጣሪያውን ቮልስ መሥራት ያቆመችው በፈረንጅ 1978 ነው፤ እስከ 2003 የዘለቀችው ሜክሲኮ ናት። ላስቲኳ ያኔ ከጀርመን የመጣች ከሆነች ይባስ፤ ላስቲክ መደርደሪያ ላይም ያረጃል። በሁለት ጣት አጠፍ ሲያደርጓት ቀጫጭን ስንጥቅ ካሳየች፣ ከመኪናው የወጣችው አሮጊት ትሻላለች።

ደሴ የጠፋው ዕቃ ያለው አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ነው ይሉናል፤ 400 ኪሎ ሜትር። በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣል፣ ሳይገጥም ይቀራል፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት ግን እዚያው ተለጥፎ ይጠብቃል። ስለዚህ ከእንግዲህ ትእዛዛችን የሚላክልዎት እንዲህ ነው፦ የአሮጌው ዕቃ ፎቶ ከማስመሪያ ጋር፣ የላስቲኳ ዙሪያና ቀዳዳዎች በወረቀት ላይ ተስለው፣ የዘንጉ ርዝመት፣ የጫፉ ጥርሶች ተቆጥረው፣ ሻንሲ ቁጥሩ፣ ከተነበበም በዕቃው ላይ ያለው የፋብሪካ ቁጥር። ዘጠኝ አሃዝ ነው፤ ከኋላው ፊደል ካለች አይዝለሏት፣ ዕቃው መሻሻሉን የምትናገረው እሷ ናት። ይህን ሁሉ ጎን ለጎን አመሳክረው «አይገጥምም» ቢሉን አንቀየምም። እንዲያውም ቡና እናፈላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር ጎማው ከሚያቅማማባቸው

ማሳሰቢያ፦ ሲመጡ ታናሽ ወንድምዎን «ትንሽ በሞረድ ነካ ነካ»ን ይዘው እንዳይመጡ። ሞረዱን ቶርኖ ቤት ቆልፈንበታል፤ ቁልፉም በእርስዎ ዘዴ የተሠራ ስለሆነ በሩን አልከፍትም ብሏል።