ካባው ይድረስ፣ ደብተሩ ይቆይ

የሐዋሳ ሰው ውለታ አይረሳም። የሚጠራጠር ካለ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ወረድ ይበል። ከአዳራሾቹ በአንዱ «የቀለም አባታችንን እናመሰግናለን» የሚል 3 ሜትር በ2 ሜትር ባነር ተሰቅሎ፣ ከሥሩ ካባ የደረቡ አዛውንት ጉንጫቸው እስኪደክም ፎቶ ሲነሡ ያገኛል። «አንድ መምህር ሕይወቴን ቀየሩት» የማይል የተሳካለት ሰው በከተማችን የለም። ይህ ትልቅ ባህል ነውና ለአዳዲስ ኮሚቴዎች አሠራሩን ማስተላለፍ ተገቢ ነው።

መጀመሪያ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል። አንዱ ወር «የት ጠፋችሁ?» በመባባል ያልፋል። ቀጥሎ መዋጮ ይሰበሰባል፤ ለአዳራሽ፣ ለድምፅ ማጉያ፣ ለኬክ፣ ለቪዲዮ፣ ለኮሚቴው ቲሸርት። ከዚህ ሁሉ በተረፈው ለመምህሩ የግድግዳ ሰዓት ይገዛል። ምርጫው የታሰበበት ነው፤ 35 ዓመት በደወል የኖረ ሰው ቤቱ ሲገባ ሰዓት ያስፈልገዋል። በፍሬም የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ላይ ስማቸው ቢሳሳት አትደናገጡ። ኃይሉን «ሀይሉ» ብሎ ማሳተም የተለመደ ነው፤ በተለይ የተመሰገኑት የአማርኛ መምህር ከሆኑ።

የንግግር ድልድሉ ወሳኝ ነው። ለክብር እንግዳው 40 ደቂቃ፣ ለስፖንሰሩ 20፣ ለግጥም 15፣ ለመምህሩ 3። እሳቸው 40 ደቂቃ ሙሉ በጠመኔ ማውራት የለመዱ ናቸውና፣ እንዳይረዝምባችሁ መድረክ መሪው ከኋላ ካባቸውን ሳብ ያድርግ።

ታዲያ እኚህ ሰው ምን አድርገው ነው ሕይወት የቀየሩት? ይህን ከንግግሩ ማስቀረት ይሻላል፤ አዳራሽ አያሞቅም። ለምሳሌ 1/2 ሲደመር 1/3 ይሆናል 2/5 ብሎ የጻፈ ልጅ ደብተር ላይ ኤክስ አድርጎ ማለፍ 2 ሰከንድ አይፈጅም። እሳቸው ግን ልጁን ይጠሩትና «እንዴት እንደሠራኸው ንገረኝ» ይሉታል። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምሮታል። «2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ግማሽ ላይ ጨምረህ እንዴት ከግማሽ አነሰብህ?» ብለው ዝም ይላሉ። ልጁ ራሱን እያከከ 3/6 እና 2/6 ብሎ 5/6 ላይ እስኪደርስ 5 ደቂቃ ያልቃል። ስሕተቱ እዚያው ካልተያዘ 9ኛ ክፍል አልጀብራ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ ልጁ ራሱን «ሒሳብ አይሆነኝም» ብሎ አሳምኖ ጨርሷል። አሁን ይሄ በምን ቪዲዮ ይወጣል?

ስም ጥሪውም እንዲሁ ነው። «ቀሪ» ብሎ ምልክት ማድረግ ማንም ይችላል። እሳቸው ወረቀቱን ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ያነቡታል። ቀሪነቱ ሰኞና ሐሙስ ላይ ብቻ የሚደረደር ልጅ አልታመመም፤ የሐዋሳ ገበያ ቀን ነው፣ እናቱን እያገዘ ነው። ቢቀጡት ገበያው አይቀርም። ስለዚህ ፈተናውን ረቡዕ ያደርጉታል፣ ያመለጠውን ማስታወሻም ጽሑፉ ከሚነበብ ተማሪ ደብተር እንዲገለብጥ ያደርጋሉ። ልጁ ለምን ረቡዕ እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፤ ማመስገኛ ሲመጣም አያነሣው።

ዝምታም ያውቁበታል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው የክፍል ውስጥ ቅጂዎችን ሰምታ እንዳሳየችው፣ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ነው። ይህን ወደ 3 ሰከንድ ሲያደርሱት የተማሪዎች መልስ ይረዝማል፣ አፍ የማይከፍቱትም መናገር ይጀምራሉ። እሳቸው 3 ሰከንድ ይጠብቁናል፤ እኛ በምስጋናው 30 ዓመት እናስጠብቃቸዋለን። በትዕግሥት ማን እንደሚበልጥ ግልጽ ነው።

ደብተር ማረምን ደግሞ ባናነሣው ይሻላል። 60 ተማሪ ያለባቸው 5 ክፍሎች 300 ደብተር ናቸው፤ ለአንዱ 2 ደቂቃ ብቻ ቢሰጡት 10 ሰዓት ነው። ይህ ከማስተማሪያው ሰዓት ውጭ፣ ማታ፣ መብራት ካለ። ከታረመው ደብተር ግርጌ «ወላጅ አይቶ ይፈርም» የሚል በቀይ ስክሪፕቶ ተጽፎ ይላካል። አስተዋይ ወላጅ አይፈርምም፤ ልጁ ራሱ ይፈርምለታል፣ ፊርማውም ከአባቱ ያምራል። ወላጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው ካርድ የሚሰጥ ዕለት ነው፤ ጥያቄውም አንድ ነው፦ «ስንተኛ ወጣ?» አንደኛ ከወጣ ልጁ ጎበዝ ነው። ሠላሳኛ ከወጣ መምህሩ ሰነፍ ናቸው።

ይህ ፍርድ በአገር ደረጃም ይሠራል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በማግሥቱ ዓመት 3.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ጥፋተኛ ፍለጋ ሩቅ አልተኬደም። ጠመኔ የያዘው ሰው ቅርብ ነበር። ደግ ነው፤ ካባ የሚደረብበት ትከሻ አስቀድሞ ሸክም መልመድ አለበት።

የዓለም መምህራን ቀን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ኦክቶበር 5፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 25 ይከበራል። ለእኛ ዝግጅት ግን ቀኑ አይመችም፤ ትምህርት ገና የሚጀመርበትና መምህሩ ሥራ ላይ ያሉበት ወቅት ነው። ሥራ ላይ ያለ መምህር ደግሞ አይታጭም፣ ደንቡ ጥብቅ ነው። አንደኛ፣ 60 ሞልቶ ጡረታ መውጣት። ሁለተኛ፣ ተማሪዎች ገንዘብ እስኪይዙ መቆየት። ሦስተኛ፣ ካባው እስኪደርስ በሕይወት መገኘት። ሦስተኛውን ላላሟሉት ኮሚቴው ያንኑ ባነር በጥቁር ዳር ያሳትማል፤ ዋጋው አንድ ነው።

የዘንድሮው ኮሚቴ የሚሰበሰበው ማክሰኞ 10 ሰዓት ነው። ከአባላቱ ሁለቱ በዚያው ሰዓት ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ተጠርተው ነበር፤ የቤት ሠራተኛ ልከዋል።