ሳተላይት አለኝ በሰማይ

የድሮ መንገደኛ ያሳዝናል። ከመነሳቱ በፊት ስኮርታ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ያያል፣ ጀሪካኑን ናፍጣ ይሞላል፣ ጉዞ ከጀመረም በኋላ በየመገንጠያው መስኮት ዝቅ አድርጎ «እንደምን ዋላችሁ፤ ይሄ ወዴት ያወጣል?» እያለ የሰው ፊት ያያል። ዕድሜ ለታብሌት፣ ይህ ሁሉ ውርደት ቀርቷል። ዛሬ ጋቢና ውስጥ ባለ 10 ኢንች ታብሌት ታቅፎ የተቀመጠ አሳሽ ለመንደር ሰው ሰላምታ የሚሰጥበት ምክንያት የለውም። ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ የሚዞር ሳተላይት አለው። «ላም አለኝ በሰማይ» ያለው የዋህ ወተቷን ሳያይ ቀረ፤ የእኛ አሳሽ ግን ቢያንስ ታብሌቱ ካርታ ላይ ያሉበትን የሚያሳይበትን ሰማያዊ ነጥብ ያያሉ።

ከግዢው ጀምሮ ያሳዩት ብልኅነት ሊወደስ ይገባል። ሱቁ ውስጥ ሁለት አይፓድ ቀረበላቸው፤ አንዱ ሲም የሚቀበል፣ አንዱ ዋይፋይ ብቻ። «በረሃ ላይ ኔትወርክ የለ፣ ሲም ምን ሊሠራልኝ?» ብለው ርካሹን አነሱ። ስሌቱ ጥሩ ነበር፤ ትንሽ ነገር ብቻ ጎደለው። አይፓድ ላይ የጂፒኤስ መቀበያው ያለው ሲም በሚቀበለው ሞዴል ውስጥ ነው። ሲሙ ባይገባበት፣ ኔትወርክም ባይኖር፣ መቀበያው የሳተላይቱን ምልክት በነጻ ይለቅማል፤ አራት ሳተላይት ካገኘ ያሉበትን ቦታ ከነከፍታው ይናገራል። ዋይፋይ ብቻ የሆነው ግን ቦታውን የሚገምተው በዙሪያው ካለ ዋይፋይ ተነስቶ ነው። ስለዚህ መኪናው አብአላን አልፎ ወደ ቆላው ሲወርድ ነጥቡ መቀሌ፣ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ማኪያቶውን ይጠጣል። አንድሮይዶቹ ዘንድ ነገሩ ይለያል፤ ዋይፋይ ብቻ ሆነው ጂፒኤስ ያላቸው ብዙ ናቸው፣ የሌላቸውም አሉ። የሳተላይት ምልክት የሚያሳይ ነጻ አፕ ጭኖ ደጅ ወጥቶ መሞከር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ግን ለአሳሽ ክብር አይመጥንም። (አንዴ ለተሳሳተ ሰው በብሉቱዝ የምትገናኝ፣ ኪስ የምትገባ የጂፒኤስ መቀበያ ለብቻዋ ትሸጣለች። ይህን የምንናገረው ሻጩ ስለማይናገር ነው።)

ካርታ የሚወርድበት ሰዓትም ተመርጧል፤ ከጉዞው በፊት ባለው ሌሊት፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ፣ ሃያ እንግዳ በሚሻማው የሆቴል ዋይፋይ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት አባቶች ዋይፋይ የት ያውቁና። የመንገድ ካርታው ራሱ ቀላል ነው፤ ኦርጋኒክ ማፕስም ሆነ ኦዝማንድ የሚባሉት የካርታ አፖች በፈቃደኞች ከሚሠራው ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚወስዱት የኢትዮጵያ ካርታ ከአንድ ፊልም ያነሰ ቦታ ይበቃዋል። አሳሻችን ግን የሳተላይት ፎቶውን ነው የፈለጉት፤ ያውም የጎጆውን ክዳን የሚያሳየውን። እዚህ ላይ ሒሳብ አለ፤ አንድ ደረጃ ባጎሉ ቁጥር የሚወርደው የፎቶ ብዛት በአራት ይባዛል። ከደረጃ 12 ወደ ደረጃ 16 ማለት 256 እጥፍ ማለት ነው። አፋርን በሙሉ በደረጃ 16 አዘዙና ተኙ። ጠዋት ሲነሱ ማውረዱ «ቦታ የለም» ብሎ ከመንገድ ቀርቷል። ቦታውን የያዙት ሰባት ፊልሞች ናቸው፤ ፊልም ደግሞ አይነካም።

ካርታው በእርግጥ መውረዱን ማወቅ ለሚፈልግ ፈሪ፣ ታብሌቱን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጎ፣ አፑን ዘግቶ ከፍቶ፣ የሚሄድበትን አካባቢ አጉልቶ፣ አንድ መንገድ እንዲያወጣለት ማዘዝ ይበቃዋል። ቤት ሆኖ ይህን ማድረግ ግን የጉዞውን ጣዕም ያጠፋል። ጣዕሙ ያለው ከአስፋልቱ 60 ኪሎ ሜትር ከተራቀ በኋላ አፑ «እባክዎ እንደገና ይግቡ» ብሎ የይለፍ ቃል ሲጠይቅ ነው። ወይም አይፓዱ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተውን የካርታ አፕ በራሱ አንስቶት፣ ምልክቱ ብቻ እንደ ባዶ ቀፎ ስክሪኑ ላይ ሲቀር። ይህን የሚያዘውን ማስተካከያ ማጥፋት ይቻላል፤ አሳሻችን ግን ማስተካከያ ውስጥ የሚገቡት የግድግዳ ሥዕል ለመቀየር ብቻ ነው።

ሙቀት ላይ ስንደርስ አድናቆታችን ወሰን የለውም። አምራቹ አይፓድን ተጠቀሙበት የሚለው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር ውስጥ ነው። ዳሎል ላይ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1966 የተመዘገበው የዓመት አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነው። አሳሻችን ይህን አነበቡና ደስ አላቸው፤ 0.4 ዲግሪ ተርፏቸዋል! አማካይ ማለት ሌሊቱንም ታኅሣሥንም ጨምሮ መሆኑን፣ ታብሌቱም ጥቁር ሽፋኑን እንደለበሰ ከፊት መስታወቱ ሥር እንደ በርበሬ መሰጣቱን ማንሳት ምቀኝነት ይሆናል። ሲግል መጀመሪያ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ቀጥሎ ቻርጅ መቀበል ያቆማል፤ በመጨረሻ ቴርሞሜትር ሥሎ «መጀመሪያ ልቀዝቅዝ» ይልና ይዘጋል። ይህን ጊዜ ከበረዶ ሳጥኑ የወጣ የውኃ ጠርሙስ ላይ ያስተኙታል፤ ጠርሙሱ ያላበው ውኃ ደግሞ መግቢያ አያጣም፣ የቻርጀሩ ቀዳዳ አለለት። ሽፋኑን አውልቆ፣ ኤሲው በሚተነፍስበት ፊት ለፊት ሰቅሎ፣ ባትሪውን ሌሊት በቀዝቃዛው ሞልቶ ማደር ይቻል ነበር። ይቻል ነበር።

የኤሌክትሪኩ ነገር በሲጋራ መለኮሻው ያልቃል። መንገድ ዳር የተገዛችው ቻርጀር 5 ቮልት በ1 አምፒር፣ ማለትም 5 ዋት ትሰጣለች። ስክሪኑ በሙሉ ብርሃን፣ ጂፒኤሱ ሳያርፍ የሚሠራ ትልቅ ታብሌት ከዚያ በላይ ይበላል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ቻርጅ ላይ ውሎ ማታ ይሞታል፤ እንዲህ ያለ ተአምር በሌላ ዕቃ አይታይም። 12 ዋት የምትሰጥ፣ ካልሆነም በዩኤስቢ ሲ ከ20 እስከ 30 ዋት የምታወጣ ቻርጀር ከአጭርና ወፍራም ገመድ ጋር ቢያዝ ተአምሩ ይቀራል። ላንድክሩዘሩ ላይ አልሞላ ያለውን ታብሌት ጓዝ የጫነው አይሱዙ ላይ መሰካት ደግሞ ሌላ ጀግንነት ነው፤ የጭነት መኪናው ብዙውን ጊዜ 24 ቮልት ነው፣ ለ12 ቮልት ብቻ የተሠራች ቻርጀር እዚያ ላይ የምታወጣው ጭስ ነው።

አሁን ማያያዣውን ቀረብ ብለን እንየው። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ታብሌት፣ አንድ ስንዝር በሚሆን ክንድ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ መስታወት ላይ በተለጠፈች የጎማ መምጠጫ ተይዟል። መስታወቱ ላይ የትናንቱ አቧራ አለ፤ አቧራው በጎማውና በመስታወቱ መካከል አየር የሚገባበት በር ነው። ፀሐዩ ጎማውን ያለሰልሳል። ከዚያ ኮሮኮንቹ ይመጣል፤ እንደ ልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ የተሸነሸነው፣ ጥርስ የሚያንቀጫቅጨው። ክንዱ ይርገበገባል፣ የመምጠጫዋ አንድ ጠርዝ ስንጥር ታህል ትነሳለች፣ ትስስ ትላለች። ታብሌቱም ከቁልቁለቱ መሃል ላይ፣ ሾፌሩ ማርሽ በሚቀይርበት ቅጽበት፣ ማርሹ ላይ ዱብ። ስምንት ኢንቹ ታብሌት ክብደቱ በጣም ይቀል ነበር፤ ክንዱን አሳጥሮ ጋቢና ፊት ለፊት ባለው የእጅ መጨበጫ ላይ በብሎን ማሰርም ይቻላል። ኤርባግ ባለው መኪና ላይ ታብሌቱን የኤርባጉ ክዳን ፊት መስቀል የሚያስከትለውን ላሳየን አሳሽ ግን ምስጋናችንን የምናደርሰው ሆስፒታል ሄደን ነው።

ሊማሊሞ ላይ አሳሻችንን ያየ ሰው ሌላ ትርዒት አይመኝም። ካርታው ሰሜንን ወደ ላይ አድርጎ ያሳያል፤ መኪናው ኩርባ ዞሮ ወደ ደቡብ ይሄዳል። ካርታው ከመንገዱ ጋር እንዲገጥም ታብሌቱን ይገለብጡታል፤ ታብሌቱም ታዛዥ ነውና ስክሪኑን መልሶ ይገለብጠዋል። ደግመው ያዞሩታል፤ ይዞራል። አንገታቸውን አዘነበሉ። ኩርባዎቹ እርስ በርስ ስለተጠጋጉ ነጥቡ አንዴ ከላይኛው መንገድ አንዴ ከታችኛው ይዘላል፤ «ግራ! አይ፣ ቆይ፣ አልፈነዋል!» ይላሉ፤ ሾፌሩም አንገቱን ወደ ታብሌቱ ያሰግጋል። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ሳይዘመን በፊት ነው። ስክሪኑ እንዳይዞር የሚቆልፍ አንድ ቁልፍ፣ ካርታው በጉዞው አቅጣጫ እንዲዞር የሚያደርግ ሌላ አንድ ቁልፍ አለ፤ በድምሩ ሁለት።

የቦታ ቁጥር ሲያስገቡማ ይለይላቸዋል። ኤርታሌ በ13 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ሰሜን፣ በ40 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ምሥራቅ ይገኛል። አሳሻችን ይህን 13.36 እና 40.40 ብለው አስገቡት። ደቂቃው ግን ከ60 የሚታሰብ ነው፤ ለ60 ሲካፈል 13.60 እና 40.67 ይሆናል። ልዩነቱ ከእሳተ ገሞራው ወደ ደቡብ ምዕራብ 39 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ሲደርሱ እሳት ስላላገኙ «ጠፍቷል» ብለው ፎቶ ለጠፉ። የድሮውን የአገራችንን ባለ 1:50,000 ካርታ የሚያነቡ አዋቂዎች ደግሞ አሉ፤ ያ ካርታ የተሠራው አዲንዳን በሚባለው የቦታ ቁጥር መለኪያ መነሻ ነው፣ ታብሌቱ ግን ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው በሌላ መነሻ ነው የሚያስበው፤ ሳይቀይሩ የገለበጡት ቁጥር ከመቶ ሜትር በላይ ያርቃል። ለከተማ ምንም አይደለም፤ የወንዝ መሻገሪያ ለሚፈልግ ግን መቶ ሜትር ብዙ ነው።

ስምም አለ። «ነገሌ» ብለው ጻፉ፤ ታብሌቱ አንዱን መረጠላቸው። አርሲ ነገሌ ሻሸመኔ ሳይደረስ ነው፤ ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሮቤም እንዲሁ፣ አንዱ ባሌ አንዱ አርሲ። ታብሌቱ አፍሮ አያውቅም፤ ሁለቱንም በእኩል ልበ ሙሉነት ያሳያል።

የመድረሻ ሰዓቱን ግን አንረሳም። ታብሌቱ «11:00» ሲል አሳሻችን ካምፕ ለሚጠብቀው አብሳይ «11 ሰዓት እንገባለን» ብለው ደወሉ። አብሳዩ እንደ አገሩ ቆጥሮ ምግቡን ለማታ አደረሰ። ታብሌቱ ያለው ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነበር፤ ፒስታ መንገዱን እንደ ደህና ጠጠር መንገድ ቆጥሮ። የደረሱት ግን ልክ ከቀኑ 11 ሰዓት። በዚህ ሁሉ ጉዞ በሰዓቱ የተገኘው ወጡ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር ታብሌቱ የሚወደስበት አንድ ሥራ አለው፤ የመጡበትን መንገድ መቅዳት። ጠዋት ሲነሱ መቅጃውን አብርቶ፣ ባትሪ ቆጣቢው እንዳይዘጋው ፈቅዶለት፣ ማታ መስመሩን ጂፒኤክስ በሚባለው የፋይል ዓይነት ማስቀመጥ ነው። ጭጋግ ቢወርድ፣ አሸዋ ዱካውን ቢያለብስ፣ በዚያው መስመር መመለስ ይቻላል። ጨው ባሕር ዳር ካርታው ላይ በቀጭን መስመር የተሣለውን መንገድ ከማመን፣ ጭቃው ሳይዝ ያለፉበትን የራስን መስመር ማመን ይሻላል። ይህን የሚያደርግ አሳሽ ግን እስካሁን አልተመረቀም፤ መቅጃው የሚበራው ከጠፉ በኋላ ነው፣ እንዴት እንደጠፉም በጥሩ ሁኔታ ይቀዳል።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቆሞ ያየውንና የሰማውን ይለዋወጣል፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ወዴት አለፈ፣ የቱ መንገድ ተዘጋ። ባትሪ አይበላም፣ በ35 ዲግሪ አይዘጋም፣ ዛሬ ጠዋት የሆነውን ያውቃል። አሳሻችን ግን መስታወት አይከፍቱም፤ ኤሲው ይወጣል።

እንዲያም ሆኖ መንዝ ውስጥ አንድ መገንጠያ ላይ ሾፌሩ በራሱ ሥልጣን ቆመ። በግ የሚጠብቅ ልጅ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቀረበ።

«አንተ ልጅ፣ በዚህ ያስኬዳል?»

«አያስኬድም ጋሼ። ድልድዩን ክረምት ጎርፍ ወስዶታል። አይሱዙም በላይ በኩል ነው የሚዞረው።»

አሳሻችን ታብሌቱን አነሱና መስኮቱ ላይ አስደግፈው ለልጁ አሳዩት። «ይኸው፣ ድልድዩ አለ። ተመልከት።»

ልጁ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ፤ ጣቱን ሰደድ አድርጎ ስክሪኑን ነካ፣ ካርታው ሲንሸራተት ሳቀ።

«ጋሼ፣ ፊልም አለበት?»

አለበት። ሰባት።