ዕጣኑስ የእኛ ነው

«ጠንቋይ» የምትለው ቃላችን አሜሪካ መጥታ ብዙ ሰው እያሳሳተች ነው። ጎረቤቷ አንገቷ ላይ በክብ ውስጥ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ አንጠልጥላ «ዊካን ነኝ፣ ማለትም ዊች (ጠንቋይ)» ስትል፣ ሐበሻው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ገብስማ ዶሮ፣ መጋረጃ ጀርባ የሚያጓራ ሰውዬና ትራስ ሥር የተሸጎጠ ክታብ ነው። አማትቦ አሳንሰሩን ይጠብቃል፤ አብሯት አይገባም። (ባንዲራችን ላይ ያለውም ኮከብ ጫፉ አምስት ነው። የእሱን ነገር ዛሬ አልነካካውም።)

ዊካ እኛ የምናውቀው ጥንቆላ አይደለም። ጄራልድ ጋርድነር የሚባል፣ ማላያ ውስጥ በጉምሩክ ሠርቶ ጡረታ የወጣ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ ለሕዝብ ያስተዋወቀው፣ አንዲት አምላክትና አንድ ባለ ቀንድ አምላክ የሚከበሩበት አዲስ እምነት ነው። እንግሊዝ የ1735ቱን የጥንቆላ ሕግ በ1951 ባትሽር ኖሮ እንደዚያ አፉን ሞልቶ አይጽፍም ነበር። አሜሪካ ውስጥ በ1986 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት «ሃይማኖት ነው» ብሏል፤ ከ2007 ወዲህ ደግሞ ያ ኮከብ በሞቱ ወታደሮች መቃብር ድንጋይ ላይ ይቀረጻል። እኛ የምንሸሻት ጎረቤት ሰነዷ ሙሉ ነው።

ደግሞ ገንዘቡን ተመልከቱ። አገር ቤት ጠንቋይ ዘንድ በጨለማ ተኪዶ፣ ኪስ ተራግፎ፣ «ዶሮው ቀለሙ አልተስማማም፣ ሌላ አምጣ» ተብሎ ነው የሚወጣው። የጋርድነርን መስመር የሚከተሉት ግን ለማስተማርም፣ አባል ለማድረግም ክፍያ መቀበል ነውር ነው ይላሉ። ገንዘብ የሚፈስሰው ሱቁ ውስጥ ነው፤ ለመጽሐፍ፣ ለሻማ፣ ለክሪስታል። እሱንማ ማን ይችለዋል።

በድፍረት አይቆጠርብኝና፣ አሠራሩ ከጠንቋይ ቤት ይልቅ የሚቀርበው ለጽዋ ማኅበር ነው። ከቨን የሚሉት ቡድን በልማድ ከ13 ሰው አይበልጥም፤ ጨረቃ በሞላች ቁጥር ይሰበሰባል፤ መጨረሻ ላይ ጽዋ ይዞራል፣ ኬክ ይቆረሳል። ልዩነቱ የእኛ ሚካኤል 12 ነው፣ ማርያም 21 ናት፣ አለቀ። ጨረቃ ግን የምትመላለሰው በ29 ቀን ተኩል ነው፤ ስለዚህ ማክሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሙሉ ልትሆን ትችላለች፤ ሰው ደግሞ ጠዋት ሥራ አለው። «ወደ ፊተኛው ቅዳሜ እንሳበው ወይስ ወደ ኋለኛው?» የሚለው ክርክር በየወሩ እንደ አዲስ ይጀመራል። አንዳንድ ዓመት 13 ሙሉ ጨረቃ ስለሚኖረው የእኛን 13 ወር ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል። ጳጉሜን ከጨረቃ ጋር ዝምድና የላትም፣ 12 ጊዜ 30 ሲቆጠር የተረፈች ናት ብሎ ማስረዳት ደስታቸውን መቀማት ነው።

ጽዋው ብዙ ጊዜ ሁለት ነው፤ አንዱ ወይን፣ ሌላው መጠጥ ላቆሙ ሰዎች ጭማቂ። ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ አስቀድሞ ይመዘገባል፤ ከሳህኑ አጠገብ «ለውዝ አለው»፣ «ስንዴ አለው» የሚል ወረቀት ይቀመጣል። እኛ ጋ መጠጥ ያቆመ ሰው «ለበረከት ያህል ቅመስ እንጂ!» እየተባለ ነው የሚያመሸው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ንባቡ ነው። በወጉ አዲስ ሰው አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ሳይማር አይቀበሉትም፤ ከተቀበሉትም በኋላ የሥርዓቱን መጽሐፍ በእጁ ይገለብጣል፤ ልክ እንደ ደብተራ ተማሪ። ከሚያነብባቸው መካከል የታሪክ ምሁሩ ሮናልድ ሃተን በ1999 ያሳተሙት ጥናት አለ። ጥናቱ የሚለው እምነታችሁ ከጥንት ሳይቋረጥ የመጣ አይደለም፣ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፣ ሰነዱም ይኸው ነው። ቀድሞ «አውሮፓ ውስጥ ጠንቋይ ናችሁ ተብለው 9 ሚሊዮን ሰዎቻችን ተቃጥለዋል» ይባል ነበር፤ ምሁራን የሚገምቱት ከ40,000 እስከ 60,000 የሚደርሱ የተገደሉ ሰዎችን ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ቅጣቱ ስቅላት እንጂ እሳት አልነበረም። ያኮረፈ አልጠፋም፤ ብዙዎቹ ግን መጽሐፉን ራሳቸው ለተማሪ ይሰጣሉ። እስቲ እኛ ጋ አንዱ ተነሥቶ «3000 ዓመት» የምትለዋን ቁጥር ይንካ!

ሥርዓቱ ራሱ የእጅ ሥራ ነው። ሥርዓቱ የሚካሄድበት ክብ በልማድ ወርዱ 9 ጫማ፣ ማለትም 2 ሜትር ከ75 ገደማ ነው፤ የአፓርታማ ሳሎን ሶፋው ካልወጣ አይበቃውም። ወለሉ ይጠረጋል። አንድ ሳህን ውኃና አንድ ሳህን ጨው ይቀርባል፤ አታሜ በሚባለው ጥቁር እጀታ ባለው ቢላዋ ጫፍ ጨው ሦስት ጊዜ እየተነሣ ውኃው ውስጥ ይገባል። በዚህ ቢላዋ ምንም አይቆረጥም፤ ለዕፅዋት መቁረጫ ነጭ እጀታ ያለው ሌላ አለ። ቢላዋው ወዲያው ካልተጠረገ በሳምንቱ ዝገት ያወጣል፤ ጨው ነዋ። ከዚያ ጨው ውኃው፣ ዕጣኑና ሻማው በየተራ በሰዓት አቅጣጫ ክቡን ይዞራሉ። ቀጥሎ ምሥራቅ ለአየር፣ ደቡብ ለእሳት፣ ምዕራብ ለውኃ፣ ሰሜን ለመሬት ይጠራሉ። የካባው እጅጌ ሰፊ ከሆነ ክንድ ላይ ይታሰራል፤ ያልታሰረ እጅጌ ሻማ ላይ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

እስከዚህ ድረስ አድናቂ ነኝ። የሚያንገበግበኝ ዕጣኑ ነው።

ከሰላቸው እንደ ብስኩት የተጠፈጠፈ ክብ ነው፤ ቶሎ እንዲይዝ ፖታሲየም ናይትሬት ገብቶበታል። ክብሪት ሲነካው እየተንጣጣ እሳቱ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ይሄዳል። እርጥበት ከነካው ግን ግማሹ ነዶ ግማሹ ይቀራል፤ በተከደነ ዕቃ ካልተቀመጠ ዋጋ የለውም። ጥፋቱ የሚሠራው አሁን ነው። መንጣጣቱ ሳያቆም፣ ላዩ አመድ ሳይለብስ፣ ማንኪያ ሙሉ ዕጣን ይከመርበታል። ዕጣኑ መሽተቱ ቀርቶ ያርራል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ከሰሉ ይታፈናል፣ ሙጫው ቀልጦ ሸክላው ላይ ይጋገራል፣ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል። አምላክቲቱ ተጠርታ የምትሰማው እሱን ነው።

ቡና የምታፈላ ሴት ይህን አትስተውም። ፍሙ አመድ እስኪለብስ ትታገሣለች፤ ለእነሱ ከሰል ይህ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው። ሲፋጅ አመድ ትነሰንስበታለች፤ ከዚያ ሽንብራ የምታህል ፍሬ ጣል፣ እሷ ስታልቅ ሌላ። በቃ ይኸው ነው።

እውነቱን ለመናገር በሌላው ግን ይበልጡናል። ማጨሻው ውስጥ፣ ከከሰሉ ሥር፣ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ያደርጋሉ፤ ጠረጴዛው አይቃጠልም፣ ዕቃው አይሰነጠቅም። ውኃ ያቀርባሉ፣ መስኮት ይከፍታሉ። እኛ የጭስ ማስጠንቀቂያውን በፌስታል ጠፍረን፣ በጥር ብርድ መስኮት ዘግተን፣ ከሰል አንድደን «ቤቱ ሞቅ አለ» እንላለን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ያ በፌስታል የታሰረው መሣሪያም ብዙውን ጊዜ አያውቀውም፣ ለእሱ የተሠራ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ። ጓዳችሁን እዩ።

ከረጢቱ ላይ የሚጻፈው ደግሞ «ፀሐይ፣ እሳት፣ ለማጥራት፣ ለጥበቃ» ነው። አገሩ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ የኦማን ይሁን፣ የሶማሊያ ይሁን፣ የመተማ ይሁን ገዢው አይጠይቅም። በእኛ ቆላ የዕጣኑ ዛፍ በበጋ ቅርፊቱ በጥቂቱ ይላጣል፤ ሙጫው ወጥቶ ሲደርቅ ይለቀማል፣ ያው ቁስል ትንሽ ሰፋ ተደርጎ እንደገና ይላጣል፤ ዝናብ እስኪገባ 8፣ 10፣ 12 ዙር። ያላረፈ ዛፍ ይመነምናል፤ ሥሩ የሚበቅለውን ችግኝ ደግሞ ሰደድ እሳትና ከብት አያሳድጉትም። በ2019 የወጣ ጥናት በ20 ዓመት ውስጥ ምርቱ በግማሽ ይቀንሳል ብሏል። ያን ሁሉ ቆስሎ፣ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ፣ ማንኪያ ሙሉ ባንዴ፣ ገና ባልበሰለ ከሰል ላይ!