ሌሊቱ አልነጋ አለኝ

እረ እናንተዬ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዚህ ቤት ጠፋ! ጎንደር ማራኪ የሚባለው ሰፈር ነው ያለሁት፣ ከታች ያለው ግሮሰሪ እስከ ሌሊት 7 ሰዓት ስፒከሩን ያስጮኸዋል፣ እሱ ዝም ሲል የሰፈሩ ውሾች ይቀበላሉ፣ እነሱ ሲደክማቸው ደግሞ ገና 11 ሰዓት ሳይሞላ ባጃጁ ጥሩንባውን ይለቀዋል። እና መቼ ልተኛ?

ምክር የማይሰጠኝ ሰው ደግሞ የለም። "ስልክህን አርቅ፣ ብርሃኑ ሜላቶኒን የሚባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን ይቀንሳል።" እሺ አራቅኩ፣ ኮርኒስ ሳይ አደርኩ። "ቡና ተው" አለ ሌላው። ግማሹ ካፌይን ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ አውቃለሁ፣ ግን ጎንደር ተቀምጠህ ማታ 12 ሰዓት ላይ ጎረቤት እትዬ ጠርተውህ፣ ጀበናው ተጥዶ ጭሱ እየጨሰ፣ አቦሉን ብቻ ጠጥተህ ቶናና በረካውን ትተህ ልትወጣ? እስቲ ሞክራት፣ "ምነው ተቀየምከን ልጄ?" ነው የሚሉህ። ጠላ ያስተኛል የሚሉም አሉ (ያስተኛልማ፣ ከዛ ሌሊት 8 ሰዓት ለሽንት ያስነሳህና በቃ ፍጥጥ)።

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ግን ወንድሜ ነው፣ ጭንቅላቱ ትራሱን ሳይነካ ያንኮራፋል፣ ጠዋት ተነስቶ ደግሞ "ምን ሆነህ ነው ዓይንህ ያበጠው?" ይለኛል። ሂድ ወደዛ!