ቀጣሪውንስ ማን ይፈትነው?

አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ ተከራይቶ የሚያነብ ወጣት ከፊት ገጹ ዜና ቀድሞ የሚገልጠው የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያውን መሆኑ የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ አብዛኛው ሥራ ፈላጊ ፊቱን ወደ ቴሌግራም ቻናሎች ቢያዞርም የማስታወቂያው ቋንቋ ግን አልተለወጠም። የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ዕድሜ፣ ዋስ የማቅረብ ግዴታ እየተባለ ከአመልካቹ የሚፈለገው ሁሉ በዝርዝር ይቀመጥና ደመወዙ ላይ ሲደረስ «በስምምነት» ወይም «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ተብሎ ይታለፋል። አንዳንዱማ ስሙንም አይገልጽም፤ «አንድ ታዋቂ ድርጅት» ይላል። ታዋቂ ከሆነ ስሙን መጻፍ ለምን እንደሚያስፈራው ገብቶኝ አያውቅም።

ይኸው ራሱን የሸሸገ ቀጣሪ ታዲያ በቃለ መጠይቁ ዕለት በቅድሚያ የሚያነሣው ጥያቄ «ስለ ድርጅታችን ምን ታውቃለህ?» የሚል ነው። ሥራ ፈላጊውም ለዚህች ጥያቄ ሲል ራዕይና ተልዕኮውን ከድረ ገጹ ቀድቶ ሲሸመድድ ያድራል። እኔ ይህን ጥናት ብዬ አልጠራውም። ሽምደዳው የሚጠቅመው ፈታኞቹን ለማስደሰት ብቻ ሲሆን፣ አመልካቹ ስለ ራሱ ሲል ሊያውቀው የሚገባው ሌላ ነው፦ ደመወዝ በስንተኛው ቀን ይከፈላል፣ ከእሱ በፊት በቦታው የነበረው ሰው ለምን ለቀቀ፣ ድርጅቱ በሚቀጥለው ዓመት ይኖራል ወይ? ቀበና ላይ አንዲት ክፍል ቤት የሚከራይ ሰው እንኳ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና የውጭ በር በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ከጎረቤት ሳያጣራ ቀብድ አይሰጥም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ለሚውልበት መሥሪያ ቤት ግን ይህን ያህል አይጨነቅም።

ከእኔው ልጀምር። ከዓመታት በፊት ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ አንድ አስመጪ ድርጅት ተቀጥሬ ነበር። ለቃለ መጠይቁ ያደረግሁት ዝግጅት ሸሚዝ መተኮስ ነበር ማለት ይቻላል። ከደመወዜ ላይ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ በየወሩ ይቆረጥ ነበር፤ ድርጅቱ የራሱን 11 በመቶ ጨምሮ ገቢ ማድረግ ሲገባው የእኔኑ ተቀናሽ እንኳ ለወራት እንዳላስገባ የደረስኩበት ሥራውን ከለቀቅሁ በኋላ ነው። ከበሩ ማዶ ጀበና ቡና የምታፈላው ሴት ግን የድርጅቱን አመል ከእኔ በፊት ታውቀው ኖሯል። ቡናውን በዱቤ የምንጠጣ ሠራተኞች ስማችን በአንድ ባለ መስመር ደብተር ላይ ይሰፍር ነበርና፣ ደመወዝ በቀኑ የተከፈለበት ወር ገጹ ከላይ እስከ ታች በእስክሪብቶ ተሰርዞ ይታያል፣ የዘገየበት ወር ደግሞ ዕዳው ወደሚቀጥለው ገጽ ይሻገራል። «የእናንተ ቤት እኮ ሲከፍልም አሥር ቀን አስጠብቆ ነው» ያለችኝ የመጨረሻውን ዕዳዬን ስከፍል ነው። ከቃለ መጠይቁ በፊት አንድ ስኒ ጠጥቼ ብሆን ኖሮ ቢያንስ ይህን አውቄ እገባ ነበር።

ከሰንጋ ተራ እስከ ለገሀር የተደረደሩትን ባንኮች ማጥናት በአንጻሩ ቀላል ነው። በየዓመቱ በሰኔ ወር ሒሳባቸውን ዘግተው በኦዲተር የተመረመረ ሪፖርት ስለሚያወጡ፣ ትርፋቸውንና የተበላሸ ብድራቸውን ያነበበ አመልካች «ምን ታውቃለህ?» ሲባል ከቅርንጫፍ ብዛት የዘለለ የሚናገረው አያጣም። ችግሩ ያለው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ዘንድ ነው። እዚያ ለሕዝብ የሚወጣ ሪፖርት ስለማይገኝ ትንንሽ ምልክቶችን መፈለግ ያስፈልጋል። የንግድ ፈቃድ በግልጽ በሚታይ ቦታ መለጠፍ ስላለበት እንግዳ መቀበያው ላይ ቆም ብሎ ማየት ነውር የለውም። ድርጅቱ ለደንበኛ የሚቆርጠው ደረሰኝ ላይ ያለው ስም ደግሞ ከሕንፃው ታፔላ የተለየ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የቅጥር ውሉ የሚፈረመው በታፔላው ሳይሆን በሕጋዊው ስም ነውና ልዩነቱን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። «ለመመዝገቢያ» ተብሎ ከአመልካች ገንዘብ የሚጠየቅ ከሆነ ግን ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ መውጣት ነው።

ሥራ ያጣ ሰው ምን ምርጫ አለውና ነው ይህን ሁሉ የሚያጠናው የሚል ይኖራል። አነጋገሩ እውነት አለበት፤ የቤት ኪራይ የሚጠብቅ ሰው የተገኘውን ይይዛል። ሆኖም ማወቅና እምቢ ማለት አንድ አይደሉም። አውቆ የገባ ሰው የት ላይ መጠንቀቅ እንዳለበት ያውቃል። ለምሳሌ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንደማይበልጥና በጽሑፍ መሆን እንዳለበት፣ የቅጥር ውሉ በቃል ከሆነም አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የተፈረመ የጽሑፍ መግለጫ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ያወቀ ሠራተኛ፣ «ቆይ፣ ይደርሳል» በሚል ቃል ግማሽ ዓመት አይገፋም።

በቃለ መጠይቁ መጨረሻ «ከአንቺ በኩል ጥያቄ አለ?» ሲባል አብዛኞቻችን «የለም፣ አመሰግናለሁ» ብለን እንነሣለን። አንዲት የአክስቴ ልጅ ግን ካዛንቺስ በሚገኝ ቢሮ በዚህ ዓመት ስትፈተን «ቦታው አዲስ የተከፈተ ነው ወይስ ሰው ለቆበት?» ብላ ጠየቀች። ሦስቱ ፈታኞች ተያዩ። በመጨረሻ አንደኛው፣ ከእሷ በፊት የነበሩት ሁለቱም የለቀቁት የመስክ ሥራው ስለበዛባቸው መሆኑን ነገራት። ሥራውን አልተወችውም። የመስክ አበሉ መጠን በውሉ ላይ እንዲሰፍር ጠይቃ፣ ከሰፈረላት በኋላ ፈረመች።